በሰባት ሲባዛ

አሶሳ፣ የካቲት 9 ቀን 1979 ዓ.ም.። ዛሬ ጠዋት ሱቅ ውስጥ የቆጠርኩት፦ ሦስት ጆንያ ጨው፣ አንድ ካርቶን ሳሙና፣ ግማሽ በርሜል ላምባ።

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለዲንሳ ዳበሳ። ጤናህ እንዴት ነው? የዘመትክበት ተራራ ብርድስ እንዴት ይዞሃል? ጉልበትህንስ አሁንም ያምሃል? እኔ ደህና ነኝ። ሃርሜና እህታችን ብሪቱም መንዲ ደህና ናቸው። ሱቅ ዘግቼ ብቻዬን ስቀመጥ ግን ናፍቆትህ ይበረታብኛል።

በጥር የተጻፈው ደብዳቤህ ደርሶኛል። ደህና ነኝ ይላል፤ ጽሕፈቱ ግን ያንተ አይደለም። ከእሱ በፊት የመጣውም እንዲሁ ነበር። ደግሞ «ውድ እናቴ» ይላል፤ አንተ እናታችንን ከሃርሜ በቀር በሌላ ስም ጠርተሃት አታውቅም። መንዲ ሄጄ ሳነብላት በዚያ ቦታ «ሃርሜ» እያልኩ አለፍኩት። ስጨርስ ወረቀቱን ተቀብላ ሳመችው። የማንን ጽሕፈት እንደሳመች እስካሁን አላውቅም።

አህዮቹን የሚያከራየኝ የመንጌው ሐመድ፣ ወረቀቱን ደጋግሜ ሳገላብጥ አይቶ፣ «ሌላ ሰው ደብዳቤ ሲመጣ ይስቃል፤ አንተ እንደ ጨው ትመዝናለህ» አለኝ። እኔም ሳቅሁ፤ መመዘኑን ግን አልተውኩም።

ስለዚህ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ልጆች ሳለን አንድን ለሰባት ላካፍል ብለህ የጎተራውን ግድግዳ በከሰል አጥቁረህ ነበር። ስሌቱ አላልቅ አለህ፤ 142857 ይወጣና እንደገና ከአንድ ይጀምራል። ቁጥሩን በሁለት ስታባዛው 285714፣ በሦስት 428571 ሆነ። እስከ ስድስት ድረስ ያው ስድስት አኃዞች በዚያው ተራ ይዞራሉ፤ የሚለወጠው መጀመሪያቸው ብቻ ነው። ሃርሜ ከኋላችን ግድግዳዬን እያለች ትጮህ ነበር። በሰባት ስታባዛው ግን አንዱም ሳይቀር ጠፍተው 999999 ወጣ። ያኔ ከሰሉን ጥለህ፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለህ አንድ ነገር አልከኝ።

ቁጥሩን ብዕር ያለው ሰው ሁሉ አባዝቶ ይደርስበታል። ያን ቃል ግን ከእኔ በቀር የሰማ የለም። ምን ነበር ያልከኝ? እጅህ ተጎድቶ ጓደኛህ የሚጽፍልህ ከሆነ ለእሱ ንገረውና ይጻፈው። እኔ የምፈልገው አንተን እንጂ የእጅህን ጽሕፈት አይደለም።

ዲንሳ ከሌለ ደግሞ፣ ብዕሩን የያዝከው ወንድሜ፣ ለእናታችን አዝነህ እንዳደረግከው ይገባኛል፤ አልቀየምህም። ቃሉን ለመገመት ግን አትሞክር። እውነቱን ለእኔ ጻፍልኝ። ለፋሲካ መንዲ ስሄድ ፊት ለፊቷ የምቀመጠው እኔ ነኝ።

ሃርሜ ዓይንህን ትስማለች። ብሪቱ ሁለተኛ ወንድ ልጅ ወልዳለች፤ ስም ሳታወጣለት አንተን እየጠበቀች ነው። ሐመድም ሳያውቅህ ሰላም ብሎሃል።

ነገ ጠዋት ይህን ደብዳቤ ፖስታ ቤት አስገብቼ፣ ሁለት ጆንያ ጨው በአህያ ጭኜ ወደ ሰፋሪዎቹ መንደር እወርዳለሁ።

ወንድምህ ነገሪ ዳበሳ