እየሳቅሁ እንዳቅፈው

ለምወድሽ እማዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ እንዴት አደረገሽ? ያ ሳል ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ያስቸግርሻል? የአባባ ዓይንስ? “ደህና ነን” ብለሽ ብቻ እንዳትሸኚኝ፤ አንድ በአንድ ንገሪኝ። እኔ ደህና ነኝ፤ ናፍቆታችሁ ግን አላስቀምጥ ብሎኛል። የልጅ ልጅሽ አድጓል፤ ጉንጩን ብታዪው ትነክሺው ነበር።

እማዬ፣ ይህን በስልክ ያልነገርኩሽ ገና ስጀምር እንደምታለቅሺ ስለማውቅ ነው። ጡት አስጥዬዋለሁ። በይ አሁን ቁጭ በይና እስከ መጨረሻው አንብቢው።

እቤት “እንቅልፎ” ስትሉኝ፣ ምግብ በአፌ ይዤ ሳንቀላፋ ስትስቁብኝ፣ ስስቅ ደግሞ ጉልበቴ ከድቶኝ ዘጭ ስል፣ አባባ “ኧረ ተዉ አታስቋት፣ ትወድቃለች” ሲል፣ ሁላችንም አመል መስሎን ነበር። እዚህ ያየኝ ሐኪም ስለ እንቅልፌ ጠይቆኝ ሲያበቃ “ስትስቂ ጉልበትሽ ይከዳሻል?” አለኝ። ክው አልኩ። ከእናንተ ጋር አንድ ቤት የኖረ መሰለኝ። ለካ በሽታ ነው እማዬ፤ ስም አለው፣ ኪኒንም አለው።

ኪኒኑ ወደ ወተቱ ምን ያህል እንደሚያልፍ ግን ሐኪሙም እርግጠኛ አልሆነም። ወይ ልጁን እየተከታተልን እያጠባሽ ትወስጃለሽ፣ ወይ ጡት ታስጥያለሽ፣ ወይ እስኪያድግ ትታገሻለሽ አለኝ። አንቺ ደግሞ በደወልሽ ቁጥር “ወተትሽን እንዳትነፍጊው” ትያለሽ። ስለዚህ ልታገስ አልኩ። እንቅልፉ ሲጥለኝ ልጁ ከከፍታ እንዳይወድቅ ብዬ ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ማጥባት ጀመርኩ።

ከዚያ ልጄ መሳቅ ቻለ። ልጅ ሲስቅ እናት እንዴት አትስቅም? አንድ ቀን ሳቀ፣ ሳቅሁ፣ ክንዴ ዛለና ከእጄ አመለጠ። ጭኔ ላይ ስለወደቀ ምንም አልሆነም። ከዚያ ወዲያ ግን ፊቴን ቋጥሬ ነው የማቅፈው። ሲስቅልኝ ወደ ግድግዳው አያለሁ። እሱም ጥቂት ያየኝና ዝም ይላል። አባቱ የጭነት መኪና ሾፌር አይደል፣ ቤት የሚያድረው አልፎ አልፎ ነው። በዚህች አንድ ክፍል እናትና ልጅ የተኮራረፍን መስለን እንውላለን። እንዲህ ያለ ብቸኝነት አይቼ አላውቅም።

ይባስ ብሎ እኔን ሲያይ መሳቁን ተወ። ለልብስ ሰፊዋ ጎረቤቴ ግን ይስቃል። ያን ቀን ወሰንኩ።

ጡጦውን ከእኔ እጅ እምቢ አለ። ልብስ ሰፊዋ “አንቺ ውጪ እስቲ፣ ጡትሽ እየሸተተው እንዴት ይቀበል” ብላ አባረረችኝ። ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ጡቴ አግቶ ቀሚሴ ርሷል። ለቅሶው ጸጥ ሲል እየጠጣ መሆኑ ገባኝ፤ ደስ ሊለኝ ሲገባ ይበልጥ ሆድ ባሰኝ።

ኪኒኑን ከጀመርኩ ሰነበትኩ። ቀኑን ሙሉ ነቅቼ እውላለሁ። ቀን እንዲህ ረጅም መሆኑን መቼ አውቄ! እንቅልፉ ለካ ብዙ ናፍቆት ይሸፍንልኝ ነበር።

ትናንት ግን ካልሲ ሳጠልቅለት እግሩን አወራጭቶ ካልሲውን አፍንጫዬ ላይ ወረወረው። እኔ ስደነግጥ እሱ ከት ብሎ ሳቀ። ብድግ አድርጌ አቀፍኩትና አብሬው ሳቅሁ፣ ጎኔን እስኪያመኝ ሳቅሁ። ክንዴ አልከዳኝም። ዘወር ስል ያየን ሰው የለም። ለዚህ ነው የጻፍኩልሽ።

እህቴን ከነልጆቿ ሳሚልኝ። ያን ዘጊ ወንድሜን ጆሮውን ቆንጥጪልኝ፣ ምናለ አንድ ቀን እንኳ ቢደውል! አክስቴን ለልጁ ስለላከችው ሹራብ አመስግኚልኝ፤ እንደጠበበው ግን እንዳትነግሪያት። አባባን ሰላም በይልኝ። አሁን ብትስቅም አትወድቅም በይው። የሚያስቃት ግን እዚያ ልጇ ብቻ ነው በይው።

ልጅሽ እንቅልፎ

ከልብስ ሰፊዋ ቤት በላይ ካለችው ክፍል
እሑድ፣ ሰኔ 9 ቀን