የአባባ እንጨት የቆመበት አፈር

ውድ ወንድሜ ካሪሳ፣

ይህች ወረቀት ባሕሩን ተሻግራ ማስካት ስትደርስ በሙሉ ጤና ታግኝህ። እንደምን ከርመሃል? የዚያ አገር ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ወገብህስ ተሻለህ? እንቅልፍስ ይወስድሃል? እኛ ፈጣሪ ይመስገን አለን፤ እናታችን ጉልበቷን ትንሽ ያማታል እንጂ ደህና ናት። ሰው ሁሉ ጉዳዩን በስልክ በሚጨርስበት ዘመን ይህቺ ልጅ ምን ነካት ብለህ እንዳትስቅብኝ። አንተ ስትደውል እናታችን ከጎኔ ንቅንቅ አትልም፤ የምነግርህ ደግሞ እሷ ፊት የሚነገር አይደለም። ስለዚህ ወደ አንተ ለሚመጣው ለካሂንዲ አስይዤዋለሁ።

የባትሪ ማቅለጫው ፋብሪካ ፈረሰ። ጭስ ማውጫው የወደቀ ዕለት መንደሩ በሙሉ ወጥቶ ቆሞ ነበር፤ እልል ያለ ግን አልነበረም። ስንቱ እዚያ ውስጥ ሳንባውን ጥሎ እንደወጣ አንተ ታውቃለህ፤ አባባም አንዱ ነው። አሁን የተመረዘውን አፈር እየዛቁ ሸራ በለበሰ መኪና ይወስዱታል፤ በምትኩ ከሩቅ ንጹሕ ቀይ አፈር ይመጣል። ቦታው ላይ ትምህርት ቤትና የልጆች መጫወቻ ሜዳ ሊሠራ ነው። ምዌምቤኒ የራሷ ትምህርት ቤት ሲኖራት እስቲ አስበው።

ችግሩ ግን መርዙ ከፋብሪካው ግቢ ወጥቷል። በዚያ ከባድ ዝናብ ጊዜ ግቢያችን ጭቃ ሆኖ መውጫ መግቢያ ሲያሳጣን፣ አባባ ከምድጃው የሚጣለውን ጥቁር ጠጠርና አመድ በጋሪ እየገፋ አምጥቶ መሬቱን እንዳለበሰው ትዝ ይልሃል? ጎረቤቱ ሁሉ ቀንቶ ተከተለው። የባትሪ እርሳስ እንዳለበት የነገረን የለም። አባባ ከጭቃ ያዳነን መስሎት ነበር። አልቀየመውም፤ ግን ሳስበው ያንገበግበኛል።

የአጽጂዎቹ አለቃ ኔሊማ የምትባል ሴት ናት። መሬት ላይ እያስጠጋች የምትለካበት መሣሪያ ይዛ ቤት ለቤት ዞረች። የፀጉር ማድረቂያ ይመስላል፤ ጎረቤታችን ንጋላ እኔ ራሰ በራ ነኝ፣ እለፊኝ ብሎ አሳቃት። እኛ ግቢ ስትደርስ ግን ሳቋ ጠፋ። ይህ ግቢ ክንድ ተኩል ተቆፍሮ ካልወጣ ልጅ አያድግበትም አለችን። የልጄን የምቤዩን ደም ወስደው ቢመረምሩት እርሳሱ ከሚፈራው በላይ ሆኖ ተገኘ። ሆዷን የሚቆርጣት፣ ስትናገርም ቃል ቶሎ የማይመጣላት ለካ በዚህ ኖሯል።

ቁፋሮው የአባባ መንፈስ የሚያርፍበት እንጨት ዘንድ ሲደርስ እናታችን ወንበሯን አምጥታ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። መቼም አልረሳኸውም፤ አባባ በሞተ በዓመቱ በህልምህ እየመጣ «በረደኝ» ቢልህ አንተ ነህ ጠርበህ የተከልከው፣ ጨርቁንም ያሰርክለት። የተተከለ ደግሞ አይነቀልም። ቤተሰብ ቀዬውን ሲለቅ እንኳ እዚያው ትቶት በሄደበት ሌላ ይተክላል እንጂ። ሽማግሌው ምዋሪንጋ ተጠርተው መጡ። እናታችን እኛ የትም አልሄድንም አለቻቸው። እሳቸውም ቤቱ ቆሞ መሬቱ ሲሄድ አይተው እንደማያውቁ ተናገሩ። በመጨረሻ የተከለው የበኩር ልጅ ቃሉን ካልሰጠ ማንም እንዳይነካው ፈረዱ። ኔሊማ አልተከራከረችም፤ ዙሪያውን ቆፍረው እሱን መሀል ላይ ትተውት ሄዱ። ዝናቡ ሲገባ ማሽኖቹ ይወጣሉ፤ ከወጡ ደግሞ ለአንድ ግቢ ብለው አይመለሱም።

አሁን እሷ ፊት የማልናገረውን ልንገርህ። እናታችን ማለዳ ማለዳ ከበቆሎ ገንፎው፣ ከኡጋሊው ቆርሳ ከእንጨቱ ሥር፣ አፈሩ ላይ ለአባባ ታኖርለታለች። ባለፈው ሳምንት ምቤዩን እዚያ ተቀምጣ አገኘኋት። ቁራሹን ከመሬት እያነሳች ትበላለች። ምን እየሠራሽ ነው ብላት፣ «ከአያቴ ጋር እየበላን ነው» አለችኝ። ለካ አያትሽ ብቻውን አይብላ እያለች የምታስቀምጣት እናታችን ናት። ካሪሳ፣ ልጄን ብድግ አድርጌ አነሳኋት፤ ለእናታችን ግን ምን ብዬ ልንገራት? በፍቅር ያጎረሰው እጇ ልጅቷን አሳመማት ልበላት? ይህን ሰምታ የምትኖር አይመስለኝም። ያሰብኩት አንተ ደውለህ አባባ በህልሜ መጥቶ አንሳኝ አለኝ እንድትላት ነበር። ውሸት መሆኑን አውቃለሁ፤ በአባባ ስም መዋሸትም ያስፈራኛል። ግን ሌላ መላ አጣሁ።

እስከዚህ ጽፌ አሳድሬው ነበር። ዛሬ ማለዳ እናታችን እንደ ልማዷ ኡጋሊውን ይዛ ወጣች። አፈሩ ላይ አላኖረችውም። በሰሐን አድርጋ ወንበሯ ላይ አስቀመጠችለት። ከዚያ ምቤዩን ራቅ አድርጋ ጭኗ ላይ አስቀምጣ እጆቿን አጠበቻት፤ አጥባ ስትጨርስ ደግሞ እንደገና አጠበቻት። መጻፌን ማን እንደነገራት አላውቅም። ወደ እኔ ሳትዞር፣ «ለወንድምሽ ጻፊለት፤ አባትህ በህልሜ መጥቶ እግሬን አቃጠለኝ አለኝ በይው። አዲሱን እንጨት የምናለብሰው ጨርቅ ይላክ» አለችኝ። እውነት አልማ እንደሆነ አልጠየቅኋትም። አንተም አደራህን አትጠይቃት።

እንግዲህ ወንድሜ፣ አሮጌው እንጨት እንዲነሳ ቃልህን ለሽማግሌው በስልክ ስጥልን፤ ጨርቁንም ነጩን፣ ቀዩንና ጥቁሩን በሚመጣ ሰው ላክ። ዝናቡ ሩቅ አይደለም።

ሽማግሌው ምዋሪንጋ ሰላም ብለውሃል። ንጋላ ፀጉርህ እንዳለ ነው ወይ ይልሃል። እናታችን ግንባርህን ትስማለች፤ እዚያ አብረውህ ላሉት የአገራችን ልጆችም ሁሉ ሰላምታዋ ይድረሳቸው። ምቤዩ ደግሞ ለአጎቴ ንገሪልኝ ያለችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አያቴ አሁን በሰሐን ነው የሚበላው ብላለች።

እህትህ ጁምዋ

ምዌምቤኒ፣ ሞምባሳ
ማርች 6 ቀን 2019