ከአስፋልቱ ማዶ ያለው ግንብ

ረቡዕ፣ ሸዋሮቢት

ያለ መኪና እዚህ ከተማ ስውል የመጀመሪያዬ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ በደሴ መስመር አውቶቡስ ነድቻለሁ፤ ሸዋሮቢት ግን ለእኔ ምሳ ነበረች። ተሳፋሪ ማውረድ፣ ፊት መታጠብ፣ ጥብስ፣ ጥሩምባ፣ ጉዞ። የጣርማ በርን ጉም አውቃለሁ፤ የጀውሃን ጎማ ጠጋኞች በስም እጠራለሁ። ከአስፋልቱ ግራና ቀኝ ምን አለ ቢሉኝ ግን መልሴ «ሙቀት» ነው።

ጡረታ ስወጣ ለአልማዝ «አገር ልይ» አልኳት። «እስከ ዛሬ ምን ስታይ ኖረህ?» አለችኝ። ሚስቴ እንዲህ ናት።

ገበያ ዋልኩ። ሽንኩርት በጆንያ፣ ማንጎ፣ ማሽላ፣ ሰው የሚጋፋ ግመል። ሰይድ ከሚባል የቀወት ገበሬ ጋር ወግ ያዝን። ሽንኩርቱን እየሸጠ፣ ከመንደራቸው በላይ የጥንት የይፋት ሰዎች ከተማ ፍርስራሽ እንዳለ ነገረኝ። እኔ ፍርስራሽ የሚታየው ባሕር ተሻግሮ ይመስለኝ ነበር። ሳቀብኝ።

«ነገ ይምጡ ጋሼ ተሾመ፤ ኢንሻአላህ እኔው አሳይዎታለሁ።»

ሐሙስ

ባጃጁ አቅሙ እስከቻለ ወሰደን፣ ከዚያ በእግር። ጉልበቴ ሲሰድበኝ ነበር። ደረስኩ ግን።

ምን ብዬ ልጻፈው? ኮረብታው ራሱ ከተማ ነው። ቤቶቹ አንዱ ከሌላው በላይ በደረጃ ተሠርተዋል፤ ጣሪያ የለም፣ ግድግዳው ግን አለ። ድንጋዩ ያለ ጭቃና ያለ ሲሚንቶ ተገጣጥሞ ቆሟል። ጣቴን ልሰድ ሞከርኩ፣ አልገባም አለ። ከዚያ ሜዳው፤ ገበያ ነበር ይላሉ፣ ግመሎች ጨው የሚያራግፉበት። ቆሜ ጫጫታውን ለመስማት ሞከርኩ። ሞኝነት ነው፣ ግን ሞከርኩ።

ከሁሉ በላይ መስጊዱ። በመካ በኩል ያለው ግድግዳ ከነቅስቱ ሙሉውን ቆሟል። ሰይድ የበሩ ደፍ ላይ ጫማውን አወለቀ፣ እኔም አወለቅኩ። ውስጥ ሳር፣ ሰማይና ቁርቁራ ዛፍ ብቻ ነው። ያም ሆኖ ድምፄን ዝቅ አድርጌ አወራሁ። እኔ የማርያም ልጅ ነኝ፤ ዓይኔ እንባ አቀረረ፣ አልዋሽም። በዚህ ሥር ጥሩምባ እየነፋሁ አልፍ ነበር ለካ!

ስንወጣ ግድግዳው ላይ የኖራ ምልክት አየሁ። «ምንድን ነው?» ብለው ሰይድ ጫማውን አጥልቆ ቁልቁል ወረደ።

ዓርብ

ከጁምዓ በኋላ ሰይድ ከተማ ወርዶ ነገሩን ዘረገፈልኝ።

ነገ የእርከን ዘመቻ አለ። የእርከኑ ቦታ ከመስጊዱ በታች ያለው የሰይድ ማሳ ነው፤ ባለፈው ክረምት ጎርፍ ሰንጥቆታል፣ ዘንድሮ ካልተገታ ለልጆቹ የሚተርፈው ገደል ነው። ድንጋይ ያስፈልጋል። አዲሷ የግብርና ባለሙያ ሰላማዊት ቅርብ ያለውን የመስጊዱን ድንጋይ አይታ ምልክት አደረገች። ለእሷ የፈረሰ ቤት ነው። ሕዝቡን ሰብስባ «ከዚህ እናንሳ?» ስትል ሁሉም «እሺ» አሉ።

«እንዴት እሺ ትላላችሁ?» አልኩት።

«ጋሼ፣ እኔ ‹አይሆንም› እንዳልል የቡድን መሪ ነኝ፣ ሰው ለእኔ ማሳ ጉልበቱን ሊሰጥ መጥቶ ሥራውን ላክብድበት? እነሱ ደግሞ ‹አይሆንም› ቢሉ በማሳዬ የቀኑ ይመስላል። ተያይተን ዝም አልን።»

ይሉኝታ አገር ያፈርሳል ሲባል ቀልድ ይመስለኝ ነበር። ሌላው ድንጋይ ያለው ወንዙ ውስጥ ነው፤ ከዚያ በአህያ ማውጣት የሥራውን ቀን እጥፍ ያደርገዋል፣ የበልጉ ዝናብ ደግሞ ደርሷል። «ለልጅቷ እኔ ልንገራት?» አልኩ። «እንግዳ ነዎት፣ እኛ አፍ የለንም ወይ ይባላል» አለ። በንዴት ራቴን ሳልበላ ቀረሁ።

ቅዳሜ

በጠዋት ወጣሁ። ሰዉ ዶማና ቃሬዛ ይዞ መጥቷል፤ የሚቀልድ የለም። ሰላማዊት መልካም ልጅ ናት፣ ከማንም ቀድማ የደረሰች። «በሉ እንጀምር!» አለች።

ከፊት የነበረው አሊ የሚባል ሸምገል ያለ ገበሬ ነው። ደፉ ጋ ሲደርስ ቆመ። ዶማውን አስቀመጠ፣ ኮንጎ ጫማውን አወለቀ። አስቦበት አይመስለኝም፤ እግሩ የለመደውን ነው ያደረገው። ከኋላው ያለው አወለቀ፣ ቀጥሎ ያለውም። ደፉ በጫማ ሞላ። ባዶ እግራቸውን ውስጥ ገብተው ቆሙ፤ ዶማው ሁሉ ውጭ ቀርቷል። አንድ ድንጋይ የነካ የለም።

ሰላማዊት ጫማውን አየች፣ ሰዉን አየች። ፊቷ ቀላ። «ይሄ… መስጊድ ነው እንዴ?» አለች።

«ነው ልጄ» አለ አሊ።

«ታዲያ ምነው አልነገራችሁኝም?»

ተንበርክካ የቦት ጫማዋን ክር መፍታት ጀመረች፤ ክሩ ረጅም ነው፣ ሁሉም ጠበቃት። ገብታ ቅስቱን እጇን ዘርግታ ሳትነካው አየችው። ስትወጣ ምልክቱን በነጠላዋ ጠረገችው። ከዚያ ሰይድ ጮክ ብሎ፦ «ወደ ወንዝ!»

እስከ አሥር ሰዓት ተሠራ። የተጠናቀቀው ግማሹ ብቻ ነው። እኔ አህያ ነዳሁ፤ መሪ ከሌለው ነገር ጋር መግባባት ከባድ ነው።

እሑድ

ማታ ዘነበ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር። ከቅዳሴ በቀጥታ ወደ ማሳው ወጣሁ።

አዲሱ እርከን ባለበት አፈሩ ቆሟል፤ ድንጋዩ ጥግ ተኝቶ አድሯል። ባልተሠራው በኩል ግን ውሃው ገብቶ የማሳውን አንድ ጥግ ይዞት ሄዷል። ሰይድ ስንጥቁ ጫፍ ላይ ቆሞ ነበር። ግድግዳው በመትረፉ የተደሰትኩት ደስታ አሳፈረኝ፤ አፈሩ የእኔ አይደለማ።

ከታች የሰው ድምፅ መጣ። አሊ ከፊት፣ ከኋላው የትናንቱ ሰው ሁሉ ከነአህያው፣ ድንጋይ ጭነው። ዛሬ ዘመቻ የለም፤ የጠራቸውም የለም።

«ማሳዬ ላይ ቅር የተሰኛችሁ መስሎኝ ነበር» አለ ሰይድ።

«እኛ ደግሞ የመስጊዱ መፍረስ አንተን ያልከበደህ መስሎን ነበር» አለ አሊ፣ ድንጋዩን እያወረደ። «በል ያዝ።»

ለአልማዝ ደውዬ ጥቂት ቀን እንደምቆይ ነገርኳት። ክፍተቱ ገና አልተዘጋም፤ በጣርማ በር በኩል ሰማዩ እንደገና ጠቁሯል።