ፍሪሲዮን፣ ፍሬን፣ ነዳጅ

ማክሰኞ፣ ጁላይ 8

ብርድ። ቁርስ እንቁላል። ሚስቴ ኖሊን ልብስ አጠበች፣ እኔ አሰጣሁ። ይኸው ጻፍኩት! በሃምሳ ዘጠኝ ዓመቴ፣ የራሴን ቀን በራሴ እጅ። የማታውን የማንበብና መጻፍ ትምህርት ከጨረስኩ ሳምንቴ። የምስክር ወረቀቴ ፍሪጁ ላይ ተለጥፏል፤ ወተት ሊያወጣ የመጣ ሁሉ ሳያነበው አያልፍም። ኖሊን ብቻ፣ “ባርኒ፣ የዛሬው አራተኛዬ ነው። ገባኝ” አለች።

ሠላሳ አንድ ዓመት ባለ ሦስት ተሳቢ የጭነት መኪና ስነዳ፣ “መነጽሬን ረሳሁ፣ እስቲ አንብብልኝ” እያልኩ ኖርኩ። መነጽር ኖሮኝ አያውቅም። ዓይኔ እንደሆነ የንስር ነው። ከተሞቹን የማውቀው በእንግሊዝኛ ስማቸው የመጀመሪያ ፊደል መልክ ነበር… የሃውከር H የበረት መዝጊያ፣ የኩዎርን Q ጭራ ያላት እንቁላል። አንድም ቀን ጭነት ያለ ቦታው አራግፌ አላውቅም። እሺ፣ አንዴ። በጎቹ ግን ቅር አላላቸውም።

ሐሙስ፣ ጁላይ 10

የጭነት መኪኖቹ ግቢ፣ ዴፖ ሄድኩ። አለቃችን ዳርል የስምሪቱን ወንበር፣ የሾፌሮችን ጥሪ ተቀብሎ የመመዝገቡን ሥራ፣ ሊሰጠኝ ይችላል። ግን ፈተና አለው። ሾፌሮች በሬዲዮ ያወሩትን አሥር ደቂቃ ቅጂ እየሰሙ በኮምፒውተር መጻፍ። ከአምስት ስህተት ካለፈ ቀረ። ቀኑ ኦገስት 1።

ብወድቅስ? ከከተማ ሌላ ሰው ያመጣል፣ እኔም ግቢውን እሰናበታለሁ። ግራ እጄን የጭነት ማሰሪያ ሰንሰለት በልቶት ሁለት ጣት ከቀረኝ ወዲህ መንጃ ፈቃድ የለ። ያለ ሞተር ድምፅ ምን ልሆን ነው? ሱፐርማርኬት ውስጥ የኖሊንን ጋሪ ልገፋ?

ኬቭ፣ የዱሮ ጓዴ፣ በሩ ላይ ቆሞ ሲስቅ… “አንተ መነጽሬ! በምንህ ልትጽፍ ነው? በአፍህ ከሆነ አንደኛ ትወጣለህ!”

አንደኛማ እወጣለሁ። በምን እንደሆነ ገና አላወቅኩም እንጂ።

ሰኞ፣ ጁላይ 14

ቤት ውስጥ ሞከርኩ። ጉድ ነው። ለስም መጀመሪያ ትልቁን ፊደል ለማውጣት ሁለት ቁልፍ አንድ ላይ መጫን። ቅጂው ሲያመልጥ ደግሞ እጅ አንስቶ ማቆም፣ መመለስ፣ እንደገና መጀመር። እጄ አንድ ተኩል ነው፣ ሥራው የሦስት።

ከሰዓት በኋላ ብሪዮኒ መጣች፣ ከአካል ጉዳት ድጋፍ ቢሮ። ካርቶን ተሸክማ። ውስጡ በእግር የሚረገጡ የኮምፒውተር ፔዳሎች። ሦስት ዓይነት። “ሞክርና አንዱን ምረጥ” አለችኝ። “እኔ ብሆን ቀላሏን፣ ባለ አንዷን እወስድ ነበር።”

በእግር! እንዴት እስከ ዛሬ አልመጣልኝም?

ማክሰኞ፣ ጁላይ 15

ባለ አንዷ። ላስቲክ ነገር፣ ክብደት የላት። ስረግጣት ሸሸች። ተከተልኳት፣ ሸሸች። ጠረጴዛውን ዞርን። በመጨረሻ ፍሪጁ ሥር አገኘኋት… ምስክር ወረቀቴን ልትሳለም ሄዳ ነው የሚሆነው። አልመርጣትም።

ረቡዕ፣ ጁላይ 16

ሁለተኛው ለስላሳ ነው፣ ድምፅ የለውም። ረገጥኩ? አልረገጥኩም? አይናገርም! ያኮረፈ ሰው ይመስላል። ኖሊን፣ “እሱን ብትወስድ ቤቱ ጸጥ ይል ነበር” አለች። በእኔና በሱ መሃል ወዴት እንደምታደላ ታወቀ።

ዓርብ፣ ጁላይ 18

ሦስተኛው! ብረት። ከባድ። ጎን ለጎን ሦስት መርገጫ። ሲረገጥ ቀጭ ይላል።

መጀመሪያ ግን አበደብኝ። ግራው ቅጂውን ያስኬዳል፣ ቀኙ ያቆማል፣ መሃሉ ትልቁን ፊደል ያወጣል። ማቆም ስፈልግ መሃሉን እረግጣለሁ። እግሬ አልሰማ አለ። ለብሪዮኒ ደወልኩ።

“ይሄ ፔዳል መንዳት አያውቅም” አልኳት።

“አስተምረዋ! እያንዳንዱ መርገጫ ምን እንደሚሠራ የምትወስነው አንተ ነህ። ከኮምፒውተሩ ላይ ትቀይረዋለህ።”

አለቃው እኔ? ቀየርኩት። ግራው ፍሪሲዮን፦ ማርሽ ስቀይር እረግጥ ነበር፣ አሁን ፊደል ስቀይር፣ ከትንሹ ወደ ትልቁ። መሃሉ ፍሬን፦ ቅጂውን ያቆምና አምስት ሴኮንድ ይመልሰዋል። ቀኙ ነዳጅ፦ ስረግጥ ይሄዳል፣ ስለቅ ይቆማል።

ኖሊን ጋዜጣ አነበበችልኝና ድምፅዋን ቀዳሁ። እየሰማሁ ስጽፍ ቁልቁለት እንደያዘ ተሳቢ ወረድኩበት! ሃምሳ ዘጠኝ ዓመት ማይም እጄ ነበር እንጂ እግሬ ከዱሮም የተማረ ነው።

ሰኞ፣ ጁላይ 21

ውርደት። የልምምዱን ወረቀት ለዊልማ፣ ለማታ አስተማሪዬ፣ ወሰድኩላት። ከመሃል ጀምሮ እስከ መጨረሻው በሙሉ ትልቅ ፊደል።

“ባርኒ፣ ሁሉ በትልቅ ሲጻፍ ጩኸት ነው። ማን ላይ ነው የምትጮኸው?”

ማንም ላይ። ግራ እግሬ ሲሰለቸው ፍሪሲዮኑ ላይ ያርፋል። የዱሮ አመሌ። ኬቭ ሲሰማ በሳቅ ሆዱን ያዘ። “የዴፖውን ፍሪሲዮን ሁሉ ያቃጠልክ አንተ ነህ! አሁን ደግሞ ፊደል ልታቃጥል?”

አሥራ አንድ ቀን ቀረኝ። አመል እንዴት ነው የሚለቀው?

ረቡዕ፣ ጁላይ 23

አይለቅም። ቦታ ነው የሚሰጠው። ከጓሮ ጡብ አመጣሁ። አሮጌ ካልሲ አለበስኩት። ከፍሪሲዮኑ በስተግራ አስቀመጥኩት። እግሬ ሥራ ሲፈታ እዚያ ይቀመጣል። ሁለት ገጽ ጻፍኩ፣ አንድም ጩኸት የለ። ለብሪዮኒ ነገርኳት፦ ብረቱን መርጫለሁ፣ ጡቡ የኔ ነው።

ዓርብ፣ ኦገስት 1

ፔዳሉን በብብቴ፣ ጡቡን በእጄ ይዤ ዴፖ ገባሁ።

“ጡቡ ምንድን ነው?” ዳርል።

“የግራ እግሬ ወንበር።”

“ብትወድቅ ልትፈነክተኝ መስሎኝ…”

ቅጂው ጀመረ። ሲፈጥን ፍሬን፣ ሲጠራ ነዳጅ። መሃል ላይ የኬቭ ድምፅ፣ ጎማ ፈንድቶበት ሲሳደብ። አቆምኩ። “ስድቡም ይጻፋል?”

“የሰማኸው ሁሉ።”

ጻፍኩት። በትልቅ ፊደል ጀመርኩለት፣ ለጓደኛዬ ክብር።

ዳርል በእርሳስ እያሰመረ አነበበ። ላቤ በጀርባዬ ወረደ፣ በዚህ ብርድ! ከዚያ… “ሦስት ስህተት። አንዱ የኔ ስም ነው፣ አንተ ከይሲ። ሰኞ ሳምንት ጀምር።”

አሸነፍኩ! ኖሊን ስትሰማ አቅፋኝ አለቀሰችና እጇ ላይ ያለው ሳሙና ሁሉ ጸጉሬ ላይ ቀረ። አንድ እጅ ተኩል፣ ሁለት እግር፣ አንድ ጡብ። ማን ይችለኛል?

ሰኞ፣ ኦገስት 11

የመጀመሪያ ቀኔ። አርባ ሁለት ጥሪ መዘገብኩ።

ከሰዓት በኋላ ዴንዚል በሬዲዮ ጠራኝ፣ በጁን የተቀጠረው ሾፌር። መገንጠያው ላይ ቆሟል።

“ስምሪት… ወረቀቱ ላይ ወዴት ነው የሚለው? መነጽሬን ረሳሁ።”

ሁለቱም እግሬ ከፔዳሉ ተነሳ። ምን ልበል? ልቀልድ?

“የመጀመሪያው ፊደል ምን ይመስላል?” አልኩት፣ ቀስ ብዬ።

“እንደ… የበረት መዝጊያ።”

“ጭራ ያላት እንቁላል አይደለችም?”

“አይደለችም።” ድምፁ ሳቅ ሳቅ አለው።

“እንግዲያው ሃውከር ነው። ሂድ። ደግሞ የማታ ትምህርቱ ማክሰኞና ሐሙስ ነው፣ በር ላይ እጠብቅሃለሁ። መነጽር አያስፈልግም።”

ግራ እግሬን ከጡቡ አነሳሁ። ፍሪሲዮኑን ረገጥኩ፣ ቀጭ። የበረቱን መዝጊያ በትልቁ ጻፍኩት።