ቧንቧዬን ወደ ማንጠባጠቡ እንድመልስ ላዘዙኝ ኃላፊ

ለተከበሩ አቶ ጥበቡ፣
የጉንዳ ሜዳ ከተማ መጠጥ ውሃ አገልግሎት ኃላፊ፤

ክቡር ሆይ፣ በቅድሚያ ጤናዎ እንደተጠበቀ፣ ወገብዎም ከስብሰባ ብዛት እንዳልታመመ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ከገበያው ጀርባ የምኖረው ጨርቅ ነጋዴዋ ራሂማ መሕቡብ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ። የወጥ ቤቴ ቧንቧም ደህና ነው፤ ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎትም እሱ ደህና በመሆኑ ስለተቆጡ ነው።

አንደኛ፣ ትዕግሥት ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። ቧንቧው ማንጠባጠብ የጀመረው መስቀል ባለፈ ሳምንት ሲሆን፣ ቢሮዎ አምስት ጊዜ ተመላልሼ አምስቱንም ጊዜ ስብሰባ ላይ እንደሆኑ ተነግሮኛል። የጥገና ሠራተኛዎ አቶ እንየው፣ «እኔ እንኳ ዛሬውኑ በሠራሁልሽ፤ ግን እሳቸው ሳይፈርሙ መፍቻ አላነሣም» ብለው በትሕትና አሰናብተውኛል። በዚህ መሀል ውሃው በግድግዳዬ ሥር ሰርጎ ብቻቸውን የሚኖሩት አሮጊት ጎረቤቴ፣ የእማማ ብርቱካን ጓዳ ገባ። የጭቃ ግድግዳቸው ከሥሩ ሟሸሸ፤ የዓመት ገብሳቸውን የያዘው ጎታም ወደ አንድ ጎን ዘመመ። አንድ ጠዋት ደጄ ላይ ቆመው፣ «ልጄ፣ ቤቴ ሊወድቅብኝ ነው፤ አንቺን ከምከስ ግን ቢወድቅብኝ ይሻለኛል» አሉኝ። ማፈሩ የእርስዎ ድርሻ ነበር፤ ስብሰባ ላይ ስለነበሩ በእርስዎ ፈንታ እኔ አፈርኩ።

ሁለተኛ፣ ጥፋቴን ሳልደብቅ ልናዘዝ። የዚያኑ ዕለት ከቆጣሪው አጠገብ ያለውን መዝጊያ ዘግቼ፣ መፍቻ ተውሼ የቧንቧውን ራስ ፈታሁት። እጄ ተላጠ፤ መዝጊያውንም አጥብቄ ስላልዘጋሁት ከራሴ እስከ እግሬ ታጠብኩ። አምስት ሳምንት ሙሉ የእርስዎን ፊርማ ስትጠብቅ የኖረችው ጥፋት የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል፣ የተበላች ላስቲክ ነበረች። ከአሮጌ ጫማዬ ሶል በልኳ ቆርጬ አዲስ አስገባሁና ራሱን መልሼ አጠበቅኩት። ከፈትኩት፤ ዘጋሁት፤ ጸጥ አለ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን በራሴ ኮርቼ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ግን ቅልጥፍናዎን ሳላደንቅ አላልፍም። በአምስት ሳምንት ብቅ ያላለው ቢሮዎ በጠገንኩ በሦስተኛው ቀን ደብዳቤ ይዞ መጣ፤ «ያለ ፈቃድ የተደረገው ጥገና ተነሥቶ ቧንቧው በሦስት ቀን ውስጥ ወደ ነበረበት ሁኔታ እንዲመለስ»፣ አለዚያ መስመሬ እንደሚቆረጥ ይገልጻል። የነበረበት ሁኔታ ማንጠባጠብ ነውና፣ የውሃ መሥሪያ ቤት ውሃ በከንቱ እንዲፈስ በማኅተም ሲያዝ ለማየት በመብቃቴ ዕድለኛ ነኝ።

ቀኑ አልፎ ሠራተኞችዎ መቁረጫ ይዘው ሲመጡ፣ እማማ ብርቱካን በርጩማቸውን አውጥተው ቆጣሪው ፊት ተቀመጡ። «ግድግዳዬ ሲፈርስ ያልመጣችሁ ሲድን መጣችሁ? በሉ፣ መጀመሪያ እኔን አንሡኝ!» አሏቸው። የደፈረ አልነበረም። አንገታቸውን ደፍተው ተመለሱ።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ላስቲኳን እንደማላወጣት በታላቅ አክብሮት አሳውቃለሁ። መስመሩን ከቆረጡት እቀጥለዋለሁ፤ መቀጠል አላውቅም፣ ነገር ግን ከወር በፊት ላስቲክ መቀየርም አላውቅም ነበር።

ስብሰባዎ ሁሉ የተሳካ፣ ወንበርዎም የተመቸ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ከአክብሮት በቀር ምንም የማልነፍግዎ፣ መታዘዝን ግን የምነፍግዎ ደንበኛዎ፣

ራሂማ መሕቡብ

ማስታወሻ፦ ባለፈው ቅዳሜ ላስቲክ መቀየር ሊማሩ ቤቴ ከመጡት ዘጠኝ ሴቶች አንዷ ባለቤትዎ ወይዘሮ ዓለምጸሐይ ነበሩ። እጃቸው ፈጣን ነው። ዛሬ ቤትዎ ሲገቡ ወጥ ቤቱን ጸጥ ብሎ ካገኙት፣ ቧንቧው በሦስት ቀን ውስጥ ወደ ነበረበት እንዲመለስ ለእሳቸውም ይጻፉላቸው።