ትርፍ ሲገኝ

ለምወድሽና ለማከብርሽ እህቴ፣ እንደምን ሰንብተሻል? ዓይንሽስ እንዴት ነው፣ ብርሃን ሲያገኘው ማልቀሱን ተወ? እማዬስ ከወደቀች ወዲህ ምርኩዟን ለመደችው ወይስ አሁንም ከበሩ ኋላ ትደብቀዋለች? እኔ ደህና ነኝ። ታክቶኛል እንጂ አልታመምኩም። በስልክ ስጠይቅሽ ደህና ነን ብለሽ ስልኩን ለእማዬ ስለምታቀብያት ነው ወረቀት ያነሳሁት።

ሥራዬን ሁልጊዜ ሽቦ መቀጠል ትይዋለሽ። ዛሬ በደንብ ልንገርሽ፣ ምክንያት አለኝ። በምሠራበት ሆስፒታል ከውጭ የሚገባው የኢንተርኔት መስመር አንድ ነው፤ እኔ ለአራት ክፍሎች አከፋፍለዋለሁ። ለእያንዳንዱ ክፍል ማንም የማይነካበት ድርሻ ይቆረጥለታል። አንዱ ድርሻውን ሳይጠቀምበት ሲቀር የተረፈው ለሚፈልጉት ይዳረሳል፤ እሱም እኩል ሳይሆን በክብደት ነው። ክብደት የምንለው ቁጥር ነው፤ አራት የተሰጠው ክፍል አራት ጊዜ ሲያሳልፍ አንድ የተሰጠው አንዴ ያሳልፋል።

የአረጋውያኑን ክፍል መስመር ያስተካከልኩ ቀን ሥራ በዝቶብኝ ነበር። እነሱ ደግሞ ምን ይጠይቃሉ ብዬ የራሳቸውን ድርሻ ዜሮ አደረግሁት፤ ከትርፉ ይደርሳቸዋል አልኩ። ስምንት ወር ደረሳቸው። ባለፈው ማክሰኞ ግን ራጅ ክፍሉ በአዲሱ መሣሪያ ከጠዋት ጀምሮ ምስል ሲልክ፣ መዝገብ ቤቱም የከረመ ፋይሉን ሁሉ ሲጭን ዋለ። ሁሉም ድርሻውን አሟጦ ሲጠቀም ትርፍ የሚባል ነገር ጠፋ። ሦስት ሽማግሌዎች ሩቅ ካለ ሐኪም ጋር በስክሪን ሊነጋገሩ ወንበር ላይ ተደርድረው እስከ ምሳ ሰዓት ጠበቁ። ነርሷ መስመራችን ሞተ ብላ እኔ ያለሁበት ምድር ቤት ድረስ ወረደች። አይቼ፣ አልሞተም፣ ተራችሁን እየጠበቃችሁ ነው አልኳት። ተራ የሚባለው የሚደርስ ሲሆን ነው አለችኝ። ተቆጥታ አይደለም፣ ደክሟት ነው። አንዲት ቁጥር ለወጥኩና መስመሩ ተከፈተ፤ ሽማግሌዎቹ ግን ተስፋ ቆርጠው ሄደው ነበር።

ነገርን ነገር ያነሳዋል። አንቺ በደወልኩ ቁጥር የምትዪኝ፣ ትርፍ ጊዜ ስታገኝ ብቅ በል ነው። እኔም ትርፍ ስጠብቅ አምስት ዓመት ሞላኝ። የዓይንሽን ቀዶ ጥገና ቀጠሮ ሦስቴ ያሳለፍሽው እማዬን የሚይዝልሽ አጥተሽ መሆኑን የሰማሁት ከጎረቤት ነው። ሐኪሙ ከዚህ በላይ ከቆየ ዓይኑ አይመለስም ማለቱንም እንደዚያው። እማዬ ዝም አይነቅዝም እያለች አሳደገችን፤ አንቺ ተረቱን ከልክ በላይ ሰማሽው፣ እኔን ደግሞ ተመቸኝ። አፍሬያለሁ፣ እህቴ።

አለቃዬ ዘንድ ገብቼ የስድስት ሳምንት ፈቃድ ጠየቅሁ። በዚህ የሥራ ብዛት ብሎ አጉረመረመ፣ ግን ፈረመ። ታኅሣሥ ስምንት እዚያ ነኝ፤ አንቺ ቀጠሮሽን ለአሥራ ሁለት አስይዢ። የእማዬን መድኃኒት መስጠቱን፣ ደግፎ ማስነሳቱን፣ ስለ ምርኩዙ መጨቃጨቁን ለእኔ ተዪው። ይህ ከትርፌ አይደለም።

የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ፤ መደበቂያዋን ደርሼበታለሁ በያት። እሁድ እሁድ ብርቱካን ይዞ ብቅ ለሚለው ወንድማችን ሰላም በይልኝ፤ ሳምንቱ ሌላም ስድስት ቀን እንዳለው ንገሪው። የማትወደኝን ድመትሽንም እንዴት ነሽ በያት። አሁን ደግሞ የእህቴ ዓይን ስለደከመ ይህን ለሚያነቡላት ለጎረቤታችን ለልብስ ሰፊዋ፣ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። አደራዎን፣ የቀጠሮውን ቀን ሁለት ጊዜ ያንብቡላት፤ አልሰማሁም ትላለች።

ታናሽ ወንድምሽ
ከሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ ኅዳር ፲፩ ቀን