የኦዩና ሳህን

ማክሰኞ፣ መጋቢት 8 ቀን 2018፣ ኦሮራ፣ አሜሪካ

ልጄ ሶስና ዛሬ የቤት ሥራ ይዛ መጣች። ሞንጎሎች ድሮ እስከ ኢትዮጵያ ዘልቀው ቢሆን ኖሮ ምን ይፈጠር ነበር? «ማሚ፣ ሄልፕ ሚ» አለችኝ። እኔ ልንገራት እንጂ! ሞንጎል እቤቴ ከገባ ሰነባበተ።

ከኛ በላይ ባለው አፓርታማ የምትኖረው ኦዩና ሞንጎላዊት ናት። ጾም ሊገባ ሲል ሥጋ የተጠቀለለበት ሊጥ በሳህን አመጣችልኝ። የሰው ሳህን ባዶውን አይመለስ፣ ምስር ወጥ አድርጌ መለስኩላት። ለካ በነሱም አገር ባዶ ሳህን መመለስ ነውር ነው! በማግስቱ ያው ሳህን ሥጋውን ተሸክሞ ከተፍ።

ይኸው ጾሙ ተጋመሰ፣ ሳህኑ ግን አላረፈም። ፍሪዘሬ በሞንጎል ሥጋ ተጨናንቆ አልዘጋ ብሏል። ባለፈው ጨክኜ ጾም ላይ ነኝ አልኳት። ደነገጠች፣ «ሶሪ፣ ሶሪ» አለች። በነጋታው ሥጋውን ትታ አይብ ይዛልኝ መጣች።

ሶስና ይህን ስነግራት በሳቅ ሞተች፤ ከዚያ ቁጭ ብላ ጻፈች። ጦርነት አይኖርም ነበር፤ ሁለቱ አገሮች እስከ ዛሬ ሳህን ሲለዋወጡ ይኖሩ ነበር።

«ሶ፣ ማን ያሸንፋል?» አለችኝ።

«ሳህኑን ባዶውን የመለሰ ተሸነፈ» አልኳት።

ማታ ቤት የቀረችኝን ሽሮ ሠርቼ፣ ሳህኑን ሞልቼ ልወጣ ስል በሩ ተንኳኳ። ኦዩና ናት። የመጀመሪያው ሳህን ገና እጄ ላይ እያለ፣ ሁለተኛ ይዛ መጣች።